የምናቃጥለው ግድግዳ

በሲሚንቶ የተለሰነ የጭቃ ቤት አንድ ሁለት ክረምት ካለፈበት በኋላ ምን እንደሚመስል የማያውቅ የወለጋዋ አርጆ ነዋሪ ያለ አይመስለኝም። ልስኑ መጀመሪያ በስሱ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ውሃ ይገባል፤ የገባው ውሃ መውጫ አጥቶ ከጀርባ ያለውን ጭቃ ያረጥበዋል። ከዚያ ልስኑ ከግድግዳው ይላቀቅና ያብጣል፤ በጣት ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ ይሰጣል። በመጨረሻ በክንድ ስፋት እየተገሸለጠ ይወርዳል፣ ጭቃውም ራቁቱን ይቀራል። ባለፈው መስከረም ዝናቡ ሲያባራ በሰፈራችን እየተዘዋወርኩ ስመለከት እንዲህ የሆኑ ቤቶች ተደርድረው አየሁ። አንደኛው የጎረቤቴ ነው። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ለዚያ ልስን ገንዘብ ተበድረዋል።

"አየህ ልጄ፣ ጭቃው ነው የከዳኝ" አሉኝ።

ከወደቀው ጭቃ አንድ ቁራጭ አንስቼ ለሁለት ሰበርኩት። ጭድ የለበትም ማለት ይቻላል፤ እዚህም እዚያም አንዳንድ ሰበዝ ብቻ።

"ጋሼ፣ ጭድ አልገባበትም እንዴ?"

"ከየት መጥቶ? የዚያ ዓመት ጭድ ለላም እንኳ መች ተረፈ። ሠራተኞቹም ቸኩለው ነበር፤ ዛሬ አቡክተው ነገ መረጉት።"

ጭቃው አልከዳቸውም። ጭቃ ከጭድ ጋር ተቦክቶ፣ ቀን ተሰጥቶት፣ ተደጋግሞ ተረግጦ ነው ግድግዳ የሚሆነው። ይህን አያቶቻችን ከእኛ አብልጠው ያውቁ ነበር። እኔም ልጅ ሆኜ ቤት ሲሠራ አይቻለሁ። ጉድጓድ ተቆፍሮ አፈሩ ይፈስበታል፤ የጤፍ ጭድ ይነሰነስበታል፤ ውሃ እየተጨመረ ይረገጣል። ከዚያ ተሸፍኖ ይተዋል። በየጥቂት ቀኑ እየተከፈተ ውሃ ይጠጣል፣ እንደገና ይረገጣል። ሽታው ሰፈሩን ያውደዋል፤ የሸተተው ሁሉ ግን "ቦክቷል" ብሎ ይደሰታል። ቀኑ ሲደርስ ደቦ ይጠራል፤ ወንዶቹ ጭቃውን ያመላልሳሉ፣ በማገሩ መካከል እየጠቀጠቁ ይመርጋሉ። የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ ከተሰነጠቀ በኋላ ጭዱ ደቀቅ ያለ ሁለተኛ ይደረብበታል። ማሳመሪያው የሴቶች እጅ ነው፤ እበት የገባበት ስስ ጭቃ በመዳፍ ይለቀለቃል።

በዚህ ውስጥ የጭዱ ሥራ ምን ነበር? ጭቃ ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ ሲሰበሰብም ይሰነጠቃል። ሰበዙ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዞት ስንጥቁ እንዳይሰፋ ያደርጋል። በመቦካቱ ጊዜ ከጭዱ የሚወጣው ሙጫ መሳይ ነገር ደግሞ አፈሩን ያያይዛል። ጭድ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ግድግዳው ይቀላል፣ ብርዱንም ይከለክላል፤ በአርጆ ከፍታ ላይ የሐምሌን ሌሊት ያሳለፈ ሰው የዚህን ዋጋ አያጣውም። ነገሩ ለእኛ ብቻ የተገለጠም አይደለም። ፈርዖን እስራኤላውያን ጡብ የሚሠሩበትን ጭድ ከልክሎ የጡቡን ቁጥር ግን እንዳይቀንሱ ማስገደዱ በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 5 ተጽፏል። ያን ጊዜም ጭድ የሌለው ጡብ የማይታሰብ ነበር ማለት ነው። እኛ ግን ጭዱን ራሳችን ትተን ግድግዳው ለምን ይወድቃል እንላለን።

ጭዱ የተወደደበት ምክንያት አለ። ከብት ይበላዋል፤ ግጦሹ በጠበበ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። ስለዚህ "ገበሬው ጭዱን ለግንባታ ይስጥ" ብሎ መጻፍ ላም ለሌለው ቀላል ነው፤ እኔ አልጽፈውም። የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ከብት የማይበላው፣ ገበሬውም የማይፈልገው ገለባ በየአካባቢያችን ተከምሮ ይጨሳል፣ አመድም ይጣላል።

በነቀምቴ ዳርቻ ባለ አንድ የቡና መቀሸሪያ አጠገብ በየበጋው አልፋለሁ። ጀንፈሉ በአንድ በኩል ይገባል፣ ቡናው በሌላ በኩል ይወጣል፣ ገለባው ከጀርባ ይከመራል። ክምሩ ከጣሪያው ሲበልጥ እሳት ይለኮስበታል። ነበልባል የለውም፤ ለሳምንታት ከውስጥ እየጨሰ ነው የሚያልቀው። ጠዋት ጠዋት ጭሱ ዝቅ ብሎ መንገዱን ይሞላዋል፣ ተማሪዎች በነጠላቸውና በክንዳቸው አፍንጫቸውን ሸፍነው ያልፉታል። ያልተቃጠለውን ደግሞ የክረምት ጎርፍ ጠርጎ ወደ ወንዝ ያወርደዋል። የቡና ገለባ ውስጥ ካፌይንና ታኒን አለ፤ ውሃ ውስጥ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል፣ ከብትም ያንን ውሃ ይሸሸዋል። ብዛቱስ? በደረቁ ከሚዘጋጀው ቡና በግምት ግማሹ ክብደት ገለባ ነው። የወለጋ ቡና፣ በዓለም ገበያ "ለቀምቴ" የሚባለው፣ አብዛኛው በደረቁ የሚዘጋጅ ነው። እንግዲህ አንድ ኩንታል ቡና ወደ አዲስ አበባ በተጫነ ቁጥር አንድ ኩንታል የሚጠጋ ገለባ እዚሁ ይቀራል።

ወደ ደዴሳ ሸለቆ ስንወርድ ሌላ ክምር አለ። አርጆ ደዴሳ ስኳር ፋብሪካን የፓኪስታን ባለሀብቶች ጀመሩት፣ ኋላ መንግሥት ገዛው፣ በ2007 ዓ.ም. ማምረት ጀመረ። እንደማንኛውም ስኳር ፋብሪካ አገዳውን ከጨመቀ በኋላ የሚቀረውን ገለባ፣ ባጋስ የሚባለውን፣ በቦይለሩ አቃጥሎ እንፋሎትና መብራት ያገኝበታል። ይህ ብልህነት ነው። ከባጋሱ የሚቀረው አመድ ግን አለ። በስኳር ሙያ በሚታወቀው ስሌት ከ1000 ኩንታል አገዳ 6 ኩንታል ገደማ አመድ ይገኛል። በቀን 8000 ቶን አገዳ የሚፈጭ ፋብሪካ በሙሉ አቅሙ ቢሠራ በየቀኑ ወደ 480 ኩንታል አመድ ያወጣል ማለት ነው። ከአንድ ተሳቢ መኪና ጭነት ይበልጣል። ከወንዙ ማዶ በጨዋቃ ደግሞ ከሐረርጌ የመጡ ሰፋሪዎች ሩዝ ማምረት ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል። ከሩዝ ክብደት አንድ አምስተኛው ያህል ቅርፊት ነው፤ ቅርፊቱ በአግባቡ ሲቃጠል የሚተወው አመድ አብዛኛው ሲሊካ ነው።

ሲሊካ ለምን ይጠቅማል? ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ሲዋሃድ ኖራ ይተርፈዋል። ደቃቅ ሆኖ የተፈጨ፣ በአግባቡ የተቃጠለ የሲሊካ አመድ ያንን ኖራ ይዞ ሌላ ማጣበቂያ ይፈጥራል። ግንበኞቻችን ይህን ነገር በሌላ መልኩ ያውቁታል። ኦፒሲና ፒፒሲ ለይተው ይገዛሉ፤ ፒፒሲ የሚባለው ሲሚንቶ ውስጥ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ድንጋይ ተፈጭቶ ገብቷል። ያው ሥራ ነው። በሲሚንቶ ውስጥ አመድ መጨመር ለአገራችን አዲስ አይደለም፤ አዲስ የሚሆነው አመዱ ከደዴሳ ሲመጣ ነው።

ይህን በግምት አላወራም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሩክ ኃይሉና አበበ ድንቁ የወንጂን የባጋስ አመድ በኮንክሪት ውስጥ ሞክረው እ.ኤ.አ. በ2012 በዘዴ መጽሔት አሳትመዋል። ድምዳሜያቸው እስከ 10 በመቶ የሚሆነውን ሲሚንቶ በአመድ መተካት የኮንክሪቱን ጥራት እንደማይጎዳ ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም በቡና ገለባ አመድ ተመሳሳይ ሙከራ አድርገዋል። ከእኛ ርቀው ሜልቦርን ያሉ የአር ኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 ቡና ተፈልቶ የሚቀረውን አተላ ያለ አየር በ350 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አክስለው ከኮንክሪቱ አሸዋ 15 በመቶውን ተኩበት፤ ጥንካሬው 30 በመቶ ገደማ ጨመረ። ቡና የማይበቅልበት ከተማ ካፌዎቹ የጣሉትን አተላ ለቅሞ ይመራመራል። ቡና የሚያበቅለው አገር ክምሩን ያቃጥላል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው እንዲህ ሲሆን አይደል?

የባጋሱ ጥናት ከታተመ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። በዚያ ጊዜ ውስጥ እኛ ምን እያደረግን ነበር? ሲሚንቶ ስንጠብቅ ነበር። ሲሚንቶ የሚመጣልን ከሸዋ ነው፤ ከሙገር፣ ከደርባ፣ ከዳንጎቴ። ነቀምቴ ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ አርጆ ደግሞ ከነቀምቴ ወዲያ ነች። በ2014 ዓ.ም. እጥረቱ በጠና ጊዜ አንድ ኩንታል ከ1000 ብር በላይ ሲሸጥ አይተናል፤ ያም ከተገኘ ነው። በአካባቢያችን የጸጥታ ችግር መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ዋጋ የሚጠየቅበት ሲሚንቶ ራሱ አልነበረም። ግማሽ የተሠራ የትምህርት ቤት ክፍል ብረቱ ዝጎ ክረምት የገባበትን አስታውሳለሁ። ልጆቹ ያንን ዓመት በፈረቃ ተማሩ። የቤት ግንባታ የጀመረ ቤተሰብ ኪራይም ይከፍላል፣ ብሎኬትም ያስጠብቃል። ከእያንዳንዱ 50 ኪሎ ከረጢት 5 ኪሎው ከደዴሳ ቢገኝ ችግሩ ሁሉ አይጠፋም፤ ከአሥር መኪና አንዱ ግን ከሸዋ መምጣት ላያስፈልገው ይችላል።

ይህን ስጽፍ አንዳንድ አንባቢ የሚያነሳውን ጥያቄ ከወዲሁ አውቃለሁ፤ ጥያቄውም ትክክል ነው። ከፋብሪካው ጓሮ አመድ በአካፋ ዝቆ ሲሚንቶ ላይ መጨመር አደጋ ነው። በደንብ ያልተቃጠለ አመድ ከሰል አለበት፤ ውሃ ይመጥጣል፣ ኮንክሪቱን ያደክማል። መበጠር፣ መፈጨት፣ መመርመር አለበት። የቡና ገለባውን ሳያቃጥሉ በቀጥታ ከሲሚንቶ ጋር መቀላቀል ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው፤ በውስጡ ያለው ስኳርና ታኒን የሲሚንቶውን መጠንከር ያዘገያል። ማንም ተነስቶ የቤቱን ምሰሶ በዚህ እንዲያቆም አልመክርም። የግቢ ንጣፍ፣ የአጥር ብሎኬት፣ ጭነት የማይሸከም ግድግዳ፣ ከእነዚህ ይጀመራል።

ሌላው ምስጥ ነው። በወለጋ ስለ ቤት እየጻፈ ምስጥን የዘነጋ ሰው ወለጋን አያውቃትም። በምዕራብ በኩል፣ በመነ ሲቡና በነጆ ወገን፣ የሣር ክዳን በጥቂት ዓመት ውስጥ ሲበላ ኖሯል። ጭድም ማገርም ለምስጥ ምግብ ነው። ስለዚህ የጭድ ጭቃ ያለ ድንጋይ መሠረት አይታሰብም፤ ግድግዳው ከመሬት ከፍ ብሎ መነሳት፣ ጣሪያውም ከግድግዳው ወጣ ብሎ ዝናቡን መጣል አለበት። ድሮም ጥሩ ቤት የሠራ ሰው ይህን ያደርግ ነበር። መሠረቱን ቆጥቦ ልስኑ ላይ ገንዘቡን የጨረሰ ሰው ግን ምስጡንም ውሃውንም በገዛ እጁ ያስገባል።

በእኔ እይታ ትልቁ እንቅፋት ከዚህ ሁሉ ይልቅ ሐፍረት ነው። የጭቃ ቤት የድሃ ቤት ተደርጎ ተቆጥሯል። ልጁ ከተማ ገብቶ ደመወዝ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያደርገው የአባቱን ግድግዳ በሲሚንቶ ማስለሰን ነው፤ ፍቅሩ የገባኛል። ነገር ግን ለዚያው ግድግዳ ኖራና ደቃቅ ጭድ የገባበት ልስን ቢደረግለት ከጭቃው ጋር አብሮ ይተነፍስ ነበር።  ይህን የሚነግረው ባለሙያ ግን ከየት ያግኝ? በግንባታ የሚሠለጥኑት ወጣቶቻችን ብሎኬት መደርደርና ኮንክሪት ማቡካት ይማራሉ፤ ጭቃ የሚያስተምራቸው የለም። የሚያውቁት አዛውንቶች እያለፉ ነው። የእናቶቻችን መዳፍ የሚያውቀው የልቅላቂ ሙያ ደግሞ እኔ እስከማውቀው በየትኛውም ማሠልጠኛ መጽሐፍ ላይ አልሰፈረም።

አዲስ አበባ ልደታ ባለው የሕንፃ ኮሌጅ ግቢ ውስጥ ከታመቀ ጭድ በተሠራ ሰሌዳ የሙከራ ባለ ፎቅ ቤት ከቆመ ከአሥር ዓመት በላይ ሆነው። ጭድ የፎቅ ግድግዳ ሲሆን አዲስ አበባ አላፈረችበትም። እዚህ አርጆ ውስጥ ደግሞ ለኮርኒስ የምንገዛው ቺፑድ ከእንጨት ፍቅፋቂና ከሙጫ የተጋገረ ነው፤ ከመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቀት ተጭኖ ይመጣልናል። የበቆሎው ቆረቆንዳና የኑጉ አገዳ ግን ከደጃችን ይነዳል። እርግጥ ነው፣ ቆረቆንዳው ለብዙ ቤት ማገዶ ነው፤ እናት እንጀራ የምትጋግርበትን መንጠቅ አይገባም። የቡና ገለባ ግን ምድጃ ውስጥ ቢያስገቡት ጭሱ ዓይን አያስከፍትም፣ ከብትም አይቀምሰውም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚሞከረው እሱ ነው። ከሸክላ አፈር ጋር ተቀላቅሎ ጡብ ሲተኮስ ከውስጥ እየነደደ ማገዶ ይቆጥባል፣ ጡቡንም ያቀላል። ከጭድ ጋር ተደባልቆ ጭቃ ውስጥ ቢቦካስ? ሰበዝ ስላልሆነ ብቻውን እንደ ጭድ አይዝም። ግማሽ ጭድ ግማሽ ገለባ ቢሆን ግን ለላሟ የሚተርፈው ጭድ ይበዛል። ይህንን ቀምሞና ለክቶ የሚነግረን ያስፈልጋል።

ለዚህ የሚሆን ተቋም አጥተን አይደለም። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ነቀምቴ ላይ ቆሟል፤ የምሕንድስና ተማሪዎቹ በየዓመቱ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ይፈልጋሉ። የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች በየከተማው አሉ። ስኳር ፋብሪካው አመዱን የሚጥልበት ቦታ ሲፈልግ ይኖራል እንጂ አልሰጥም የሚልበት ምክንያት አይታየኝም። ማዘጋጃ ቤትስ? ግንባታ ሲፈቅድ "ብሎኬት ነው ወይስ ጭቃ?" ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ "መሠረቱ ስንት ነው? ጣሪያው ምን ያህል ይወጣል? ጭቃው ስንት ቀን ቦካ?" ብሎ ቢጠይቅ የሰፈራችን ግድግዳዎች ግማሾቹ ዛሬ ባልተገሸለጡ ነበር። ብዙ ገንዘብም አይፈጅም። በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ሦስት አጫጭር ግድግዳዎች ጎን ለጎን ይቁሙ፦ አንዱ በጭድ ብቻ፣ አንዱ በጭድና በቡና ገለባ፣ አንዱ የባጋስ አመድ በገባበት ብሎኬት። ሁለት ክረምት ይለፍባቸው። ሁሉም ሰው ወደ ገበያ ሲሄድ ያያቸዋል፤ የትኛው እንደቆመና የትኛው እንደተሰነጠቀ ለመለየት ሪፖርት አያስፈልግም።

ጊዜውም ደርሷል። ቡናው ከኅዳር ጀምሮ ይለቀማል፣ በጋውን ሙሉ ይቀሸራል። ግድግዳ የሚመረግበት ደረቅ ወራትም ያው ነው፤ ፋብሪካውም አገዳ የሚፈጨው በበጋ ነው። ገለባው፣ አመዱና የጭቃው ጉድጓድ በአንድ ወቅት ይገናኛሉ። ዘንድሮ በመቀሸሪያው ክምር ላይ ክብሪት ከመጫሩ በፊት አንድ አሠልጣኝ ከማሠልጠኛው፣ አንድ ባለሙያ ከማዘጋጃ ቤቱ፣ አንዲት ልቅላቂ የምታውቅ እናት ከሰፈሩ አብረው ይሂዱና ጥቂት ጆንያ ይጠይቁ። ባለቤቱ ገንዘብ የሚጠይቃቸው አይመስለኝም፤ እስካሁንም በእሳት ሲያስወግደው ነው የኖረው።